የፕሪየሷ ውሃ ከየት ይገባል? የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ሐምሌ 3

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራች፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሠራ (ሃይብሪድ) ሁለተኛ ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ናት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የኋላ መስታወቷ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ከዕቃ መጫኛዋም የሻገተ ጨርቅ ሽታ ይወጣል። አደባባይ ስዞር ከኋላ ውሃ ሲንቦጫረቅ መስማት ከጀመርኩ በኋላ ግን ነገሩ ከእንፋሎት ያለፈ መሆኑ ግልጽ ሆነ። ዛሬ ምንጣፉን፣ የወለሉን ሰሌዳና ከሥሩ ያለውን የፕላስቲክ ሣጥን አውጥቼ ስመለከት፣ ስኮርት ጎማው የሚተኛበት ጎድጓዳ ላሜራ ከግማሽ በላይ ውሃ ይዟል። ውሃው ቀይ አቧራ የተቀላቀለበት ሲሆን የጃካራንዳ ቅጠል ፍርፋሪም ተንሳፍፎበታል። ቅጠሉን ለይቼ የምመዘግበው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃው ከጎማ ሥር የሚረጭ ጭቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዛፍ የወደቀ ቅጠል ባልተገኘበት ነበር፤ ስለዚህ ቢያንስ ከፊሉ ከላይ ይመጣል።

በሌላ መኪና ላይ ቢሆን ጣጣው ዝገትና ሽታ ብቻ በሆነ። በዚች መኪና ግን ከዕቃ መጫኛው ጋር ጎረቤት የሆኑት ዕቃዎች ውሃን የሚታገሡ አይደሉም። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለው የብረት ሣጥን 28 ሞጁሎች ያሉት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ይዟል፤ እያንዳንዱ ሞጁል 7.2 ቮልት በመሆኑ በተከታታይ ሲያያዙ 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ይህን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው የአየር ማራገቢያ በቀኝ በኩል ከጎን ሽፋኑ ጀርባ ተቀምጧል፤ እዚያው ቀኝ ጥግ ላይ የመኪናዋን ኮምፒውተሮች የሚያስነሣው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ አለ። በግራ በኩል ደግሞ የከፍተኛውን ቮልቴጅ መስመር የሚቆርጠው ብርቱካናማ መሰኪያ ይገኛል።

የከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር እንደ 12 ቮልቱ የመኪናዋን አካል የመመለሻ ሽቦ አድርጎ አይጠቀምም። ሁለቱም ጫፎቹ ከላሜራው ተለይተው የተከለሉ ናቸው፤ መኪናዋም ይህ ክለላ እንዳልተነካ ራሷ ትከታተላለች። እርጥበትና አቧራ ተጋግረው ከጫፎቹ ወደ ላሜራው መንገድ ከሠሩ ቀዩ የሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ፒ0ኤኤ6 የተባለው የብልሽት ኮድም ይመዘገባል። ኮድ ማንበቢያ ሰክቼ ስመለከት እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልተመዘገበም፤ ይህም ሥራውን ተረጋግቶ ለመጀመር በቂ ነው።

ሐምሌ 4

ከማንኛውም ፍለጋ በፊት መኪናዋን ከኤሌክትሪክ ነፃ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ቁልፉ በአቅራቢያ ካለ መኪናዋ ልትነሣ ስለምትችል ቁልፉን ቤት ውስጥ ርቆ እንዲቀመጥ አደረግሁ። የኋላው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ በሩን አስቀድሜ ከፍቼ፣ እንዳይዘጋም መቆለፊያው ላይ ጨርቅ ወትፌ፣ ከዚያ በኋላ የ12 ቮልቱን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ቀጥሎ እስከ 1000 ቮልት ለሚደርስ ሥራ የተመደበ የላስቲክ ጓንት አድርጌ ብርቱካናማውን መሰኪያ አወጣሁትና ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት፤ ኪሴ ውስጥ እስካለ ድረስ በቅንነት መልሶ የሚሰካው ሰው አይኖርም። ጓንቱን ያዋሰኝ በመብራት መስመር ሥራ ላይ ያለ ዘመዴ ሲሆን፣ ከማድረጌ በፊት ከአንጓው ጠቅልዬ አየር በማመቅ ቀዳዳ እንደሌለው ፈትሻለሁ። መሰኪያው ከወጣ በኋላ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ በሚለውጠው ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ክምችታቸውን እስኪያራግፉ ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው። የባትሪውን ሣጥን ክዳን ግን አልከፈትኩም፤ ለዚህ ሥራም መክፈት አያስፈልግም። መሰኪያው ቢወጣም ሞጁሎቹ ቮልቴጃቸውን ይዘው ይቆያሉና።

ውሃውን በጣሳ ጨልፌ፣ ቀሪውን በስፖንጅ መጥጬ አወጣሁ። ትልቁ ችግር ውሃው ሳይሆን ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ድምፅ ማፈኛ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ደርቆ ሳለ ውስጡ ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል። በሐምሌ ጣና ዳር የተሰጣ ልብስ እንኳ በወጉ አይደርቅም፤ ጠዋት የወጣችው ፀሐይ ከሰዓት በዶፍ ትተካለች። ጎረቤታችን እማማ ነገሩን አይተው «ከሰል አቀጣጥለህ አጠገቡ ብታስቀምጥለት ምን አለበት?» አሉኝ። ምክሩ ለጨርቁ የሚሠራ ቢሆንም ለመኪናዋ አይሆንም፤ የቤንዚን ታንክና ባትሪ ባሉበት ቦታ እሳት ማስጠጋት የማይታሰብ ነው። ጨርቁን ፈትቼ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ ዘረጋሁትና ከሥሩ የጠረጴዛ ማራገቢያ አቆምኩ።

ሐምሌ 7

የጎን ሽፋኖቹን በሁለቱም በኩል አወለቅሁ። አብዛኛው የተያዘው በፕላስቲክ ክሊፕ ነው፤ ጥቂቱ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ዛሬ ውሃ አላፈሰስኩም፤ የሠራሁት ማየት ብቻ ነው። ነገር ግን ከሁሉም ቀን ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ የዛሬው ይመስለኛል።

የኋላቸው እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ መኪኖች በሚሄዱበት ጊዜ ከበስተጀርባቸው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት አቧራም ሆነ የውሃ ጠብታ ወደ ኋላው በር ይሳባል። በበጋ በጠጠር መንገድ ስትነዳ የኖረች መኪና ደግሞ ክፍተት ባላት ቦታ ሁሉ አቧራ አስገብታለች። የክረምቱ ውሃ የሚወርደው በዚያው መንገድ ሲሆን አቧራውን አጥቦ በቀለሙ ላይ መስመር ይተዋል። መስመሩ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ መነሻው ጠባቡ ጫፍ ነው። ይህን ይዤ በባትሪ መብራት ስመለከት በግራ በኩል ከኋላ መብራቱ ቀዳዳ ሥር ሰፊ ቡናማ ምላስ አገኘሁ። በዚያው በግራ፣ ወደ ታች፣ ከፓራውልቱ (ከኋላ ግጭት መከላከያው) ጀርባ በሚገኘው የአየር ማስወጫ ዙሪያ የደረቀ ጭቃ አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ከጣሪያው ጥግ ተነሥቶ የቋሚውን የውስጥ ገጽ ተከትሎ የሚወርድ፣ ከክር የማይወፍር አንድ መስመር ይታያል። ይህ ቀጭን መስመር የሚያበቃው በ12 ቮልቱ ባትሪ ማሠሪያ ላይ ነው፤ ማሠሪያው ብረት ዝጓል፣ ከጎኑ ያለው የመሬት ሽቦ ብሎንም አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል።

በጎድጓዳው ውስጥ የተሰበሰበው ውሃ አንድ መሆኑ ሰውን ያታልላል። ወለሉ ወደዚያ ስለሚያዘነብል ከየትም የገባ ውሃ እዚያ ይገናኛል፤ በርካታ ምንጮች እንደ አንድ ምንጭ ይታያሉ። ላቫጆ የሚሠሩ ልጆችም ሆኑ አንዳንድ መካኒኮች ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ጎድጓዳውን በስቶ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ጎድጓዳው ቀድሞውኑ በላስቲክ የሚዘጋ ቀዳዳ አለው፤ ላስቲኩን ነቅሎ መተው ውሃውን ከማስወጣት ይልቅ ከጎማ የሚረጨውን ጭቃ ወደ ውስጥ ይጋብዛል። በቀኝ ባትሪው ላይ ለሚንጠባጠበው ክር ደግሞ ምንም አይፈይድም። የእኔ ቅደም ተከተል ከዚህ በኋላ የሚወሰነው በውሃው ብዛት ሳይሆን በሚያርፍበት ዕቃ ነው፤ ብዙው ውሃ በግራ ይገባል፣ አስጊው ግን በቀኝ ያለው ነው።

ሐምሌ 11

የውሃ ፈተና። ደንቡ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውሃው ያለ ግፊት በቀስታ ይፈስሳል፣ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ቦታ በቂ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ታች ያሉትን ሁሉ ስለሚያዳርስ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም። የላቫጆ የግፊት ማሽን ደግሞ ዝናብ በማይገባበት ቦታ ሳይቀር ውሃ አስገብቶ ያልታመመውን ያሳምማል።

የከፍተኛ ቮልቴጁ መሰኪያ እንደወጣ፣ 12 ቮልቱም ከመኪናዋ ወጥቶ፣ ማራገቢያውና የባትሪው ሣጥን በወፍራም ላስቲክ እንደተሸፈኑ፣ የእህቴ ልጅ በባትሪ መብራት ከውስጥ ተቀመጠ። የኋላው በር ሲዘጋ ከውስጥ የሚከፈትበትን ትንሽ ማንሻ አስቀድሜ አሳየሁት፤ በበሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ያለውን ትንሽ ክዳን በካቻቪቴ አንሥቶ ማንሻውን መግፋት ብቻ ነው። 12 ቮልቱ ሲደክም በሩ በኤሌክትሪክ አልከፈት ስለሚል ይህን መንገድ ማንኛውም የዚህ መኪና ባለቤት ቢያውቀው ይጠቅመዋል። የሚጠረጠሩትን ቦታዎች ከውስጥ በኩል በጠመኔ ቀባሁ፤ ጠመኔ ላይ የነካች ጠብታ ሁሉ ጥቁር መስመር ትተዋለች።

ውሃውን ከግራ ፓራውልቱ ሥር ስጀምር ወዲያው «ጋሼ፣ ገብቷል!» የሚል ድምፅ መጣ። የአየር ማስወጫው ነው። ይህ ዕቃ በር ሲዘጋ የታመቀው አየር እንዲወጣ የተሠራ፣ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈቱ ቀጫጭን የላስቲክ ምላሶች ያሉት ሳንቃ ነው። በግራ ያለው ሁለት ምላሶቹ ደርቀው ወደ ላይ ተጠቅልለዋል፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ስፖንጅም ተፈርፍሯል። እዚያ ላይ ላስቲክ ለጥፌ ከዘጋሁ በኋላ ወደ ግራው መብራት ወጣሁ። በዚህኛው ላይ ጥቂት ጊዜ ወስዷል፤ ውሃው በመብራቱና በአካሉ መካከል ያለውን ቦይ ሞልቶ ከቆየ በኋላ በብሎኑ ዙሪያ አልፎ በጠመኔው ላይ ወረደ። የቅጠሉ ፍርፋሪም በዚሁ ቦይ ውስጥ ተጠቅጥቆ ተገኘ።

በቀኝ በኩል መብራቱም ማስወጫውም ደረቅ ናቸው። ጣሪያው ላይ ሳፈስስም ከውስጥ ያለው ልጅ ምንም አላየም። መስመሩ ግን አለ፤ ስለዚህ የቀኙ ጉዳይ ተከፍቶ ይቆያል።

ሐምሌ 14

የግራውን መብራት ፈታሁ። መኪናዋ ከእኔ በፊት ከኋላ ተገጭታ በአንድ ጋራዥ ተሠርታለች፤ ላሜራው በደንብ ተቃንቷል፣ ቀለሙም መጥፎ አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ግን በመብራቱና በአካሉ መካከል ውሃ የሚያግደው ጓርኒሲዮን ተቀዶ ሳለ አልተለወጠም፤ በምትኩ በሲሊኮን ተሞልቷል። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት ዓይነት እንደነበር ከሥሩ ያለው ላሜራ ይመሰክራል። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ ቀለሙ በተላጠ ብረት ላይ ዝገት ያስነሣል። ሰው ሁሉ በእጁ ያገኘውን ሲሊኮን በጠረጠረው ቦታ ሁሉ የመለጠፍ ልማዱን ቢተው እመርጣለሁ፤ ከዝገቱም በላይ የውሃውን ዱካ ይደብቃል፣ የሚቀጥለውም ሠራተኛ ከፍለጋው በፊት ፍቆ በማንሣት ቀኑን ይጨርሳል።

የእኔም ቀን ያለቀው በዚሁ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ አንሥቼ፣ በነጭ አልኮል ጠርጌ፣ ዝገቱን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አውጥቼ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባሁት። ለመብራቱ ራሱን የቻለ ጓርኒሲዮን እዚህ ስላላገኘሁ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ፣ ውሃ የማይመጥ ጥቁር ስፖንጅ ገዝቼ አሮጌውን እንደ ንድፍ አድርጌ ቆረጥኩ። ውሃ የሚመጥ የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ አይሆንም። ዳዶዎቹን እኩል እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ፤ አንዱ ቀድሞ ከጠበቀ መብራቱ ይጣመምና በሌላው ጥግ ክፍተት ይፈጥራል።

ለአየር ማስወጫው ፓራውልቱ መውረድ ነበረበት። ያገለገለ ግን ምላሶቹ ለስላሳ የሆኑ ሌላ ተገኝቶ ተተካ። ሙሉ በሙሉ ማሸግ የሚመስለውን ቀላል መፍትሔ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ አየሩ መውጫ ካጣ በሮቹ ለመዝጋት ይከብዳሉ፣ እርጥበቱም ከውስጥ ይታመቃል።

ሐምሌ 19

የገብርኤል ዕለት በመሆኑ ሥራ አልነበረም፤ ዝናቡ ግን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ በነፋስ እየተገፋ መጣ። ካቆመ በኋላ ስመለከት ግራው ደረቅ ነው። በቀኝ በኩል የቀባሁት ጠመኔ ላይ ከጣሪያው ጥግ የጀመረ አዲስ መስመር ወርዷል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትቆም ያልገባው ውሃ ዛሬ የገባበት ምክንያት አቋቋሟ ይመስለኛል፤ ዛሬ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ በተዳፋት ላይ ቆማለች፣ ስለዚህ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ወደ ኋላ ጥግ ሄዷል።

ሐምሌ 22

መኪናዋን በዚያው አቋቋም መልሼ አፈሰስኩባት፤ ጠብታው ታየ። የቀኙን የጣሪያ ቦይ የሚሸፍነውን ጥቁር ላስቲክ ከኋላው ጫፍ ጀምሬ አነሣሁ። ከሥሩ በጣሪያውና በጎኑ ላሜራ መጋጠሚያ ላይ የሚተኛው የፋብሪካ ማሸጊያ አለ። በዕድሜና በፀሐይ ብዛት ደርቆ፣ የኋላው በር ማጠፊያ አጠገብ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። ቦዩ ደግሞ በጃካራንዳ ቅጠል ተደፍኖ ውሃውን እንዲያቁር ሆኗል፤ ውሃ ካቆረ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይበቃዋል።

አንድ የረጅም ጊዜ ባቲላሜራ (የመኪና ላሜራ አቃኝ) ጠርቼ አሳየኋቸው። በጥፍራቸው ስንጥቁን ተከትለው ሄዱና «ልጄ፣ ከላዩ ብትቀባው ለዛሬ ያቆመዋል፣ ለከርሞ አያቆመውም። አሮጌውን አንሣው» አሉኝ። «ስንት ያህል ላንሣ፣ ጋሼ?» ብላቸው ስንጥቁ ካለቀበት በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጣት እንዳልፍ ነገሩኝ። ልክ ናቸው፤ ማሸጊያው ስንጥቁ ከሚታይበት አልፎም ከብረቱ ተላቅቆ ነበር፣ በመፋቂያ ስነካው ያለ ተቃውሞ ተነሣ።

ነሐሴ 2

ማሸጊያው የገባው ዛሬ ነው። የመረጥኩት ለመኪና አካል መጋጠሚያ የሚውለውን ባለ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ነው፤ ከብረት ጋር ይያያዛል፣ ቀለም ይቀበላል፣ ላሜራው በሙቀት ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት ይለጠጣል። ይህ ዓይነቱ የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ የክረምቱ አየር ለማጠንከሩ አይከፋም። ሥሩ ያለው ብረት ግን ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ በመጋጠሚያው ውስጥ የቀረች ጠብታ ማሸጊያውን ከሥር ታላቅቀዋለች። ስለዚህ መኪናዋ ባለፉት ቀናት በዘመድ ግቢ ቆርቆሮ ሥር ቆማ፣ ስንጥቁም በፀጉር ማድረቂያ በለሆሳስ ሞቆ ነው የተሠራው። ከላይ ወደ ውስጥ እየተገፋ ከገባ በኋላ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት ተስተካከለ። በቀን 3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚጠነክር የቦዩን ላስቲክ ወዲያው አልመለስኩም።

ነሐሴ 6

የአንቴናው ሥርና የኋላው በር ዙሪያ ላስቲክ ተፈተኑ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ለበሩ ላስቲክ የተጠቀምኩት የወረቀት ዘዴ ነው፤ ወረቀት አስገብቶ በሩን ዘግቶ መጎተት፣ በየቦታው እኩል ከያዘ ላስቲኩ ይሠራል። ከታች በግራ ጥግ ትንሽ ላላ ስላለ የበሩን መግቻ ጎማዎች በመጠኑ አስተካከልኩ።

ነሐሴ 18

የፍልሰታ ጾም ካለፈ በኋላ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለስኩ። የመሬት ሽቦው ብሎን ተፈትቶ፣ አረንጓዴው ዱቄት በብሩሽ ተጠርጎ፣ ላሜራው እስኪያበራ ተፍቆ፣ ከተጠበቀ በኋላ ከላዩ ቅባት ተቀባ። ይህች አንዲት ብሎን የ12 ቮልቱ ኔጌቲቭ ከአካሉ ጋር የሚገናኝባት ስለሆነች እዚያ ላይ የሚፈጠር ተቃውሞ በዳሽቦርዱ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ የሚመስሉ ማስጠንቀቂያዎችን ሊያበራ ይችላል። እንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ትንሹ ባትሪና ሽቦው ነው።

የማራገቢያው ሞተር በእጅ ሲዞር ያለ እንቅፋት ይዞራል፤ ቢላዎቹ ላይ የተጋገረው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ወጣ። የ12 ቮልቱ ባትሪ በቻርጀር ተሞልቶ ካደረ በኋላ በቴስተር 12.7 ቮልት አሳየ። ከባትሪው ጎን የሚወጣው ቀጭን የጋዝ ቱቦ ወደ ውጭ ወደሚያስወጣው ቀዳዳው መመለሱን አረጋገጥኩ። ባትሪው ያለው በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ እንጂ በሞተሩ ኮፈን ሥር ስላልሆነ ይህ ቱቦ መረሳት የለበትም። ከዚያ ጓንቱን አድርጌ ብርቱካናማውን መሰኪያ መለስኩ፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ካልተቆለፈ መኪናዋ እንደማትነሣ አውቃለሁና ደግሜ ተመለከትኩት። ኔጌቲቩ ሲታሰር፣ መኪናዋም ስትነሣ በቴስተሩ ላይ 14 ቮልት ገደማ ታየ፤ ትንሹ ባትሪ እየተሞላ ነው ማለት ነው። ኮድ ማንበቢያው ምንም አላወጣም።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ ሰፈሩን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ ሲያጥብ መኪናዋም ያለ ሽፋን በዚያው ተዳፋት ላይ፣ ሆን ተብሎ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሆኖ ቆማለች። ከዝናቡ በኋላ በቀኙ ቋሚ ላይ ያስቀመጥኩት ሶፍት ደረቅ ነው፤ በግራው መብራት ሥርና በጎድጓዳው ውስጥ ያለውም እንዲሁ። የጎን ሽፋኖቹ ተመልሰዋል፣ ድምፅ ማፈኛው ጨርቅ ግን ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ቤት ይቆያል።

የሚቀሩት ሥራዎች፦ የጎድጓዳውን ቀዳዳ የሚዘጋው ላስቲክ ጠርዙ ስለተሰነጠቀ መለወጥ፤ የባትሪውን ማሠሪያ ብረት ዝገት ፍቆ ቀለም መቀባት፤ የግራውን የጣሪያ ቦይ ላስቲክ አንሥቶ እዚያም ያለውን ማሸጊያ ማየት፣ ዕድሜው ከቀኙ ጋር እኩል ነውና። ይህ የመጨረሻው ለመስከረም ፀሐይ ተላልፏል።